ላምባ ውስጥ የሚያድር

በትንሹ ራን ምድረ በዳ፣ በጉጃራት ዳር፣
ዝናቡ ሲሸሽ መሬቱ ነጭ ለብሶ ሲቀር፣
ጎማው የወለቀ አሮጌ አውቶቡስ ነበረን፤
መሪው እንደ ተሰካ ትምህርት ቤት የሆነን።
ትንሹ ወንድሜ ካንጂ በሾፌሩ ወንበር
የሞተውን ክላክስ በአፉ ያስጮኸው ነበር።

መምህር ሂማንሹ አንድ ቀን በብስክሌት መጣ፣
ጠርሙስ እንደ አራስ ልጅ ጠቅልሎ በፎጣ።
በጠርሙሱ ላምባ፣ በላምባው ውስጥ ጓል፤
አመድማ፣ ደብዛዛ፤ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

በካራ ሲቆርጠው እንደ ሳሙና ነበር፤
ውስጡ ግን አበራ፣ ውስጡ ግን ብር።
ፊቴን ላይበት ስል ዳመነ ወዲያው፣
እንደ ተቀየመ ሰው፣ አየር ቢነካው።

ከዚያ በጣሳ ውኃ ላይ ፍርፋሪ ጣለ፤
ፍርፋሪው ተንጫጫ፣ ሮጠ፣ ተንከባለለ፣
በቢጫ ነበልባል አንድ ጊዜ ጮኸና
ጠፋ።
አውቶቡሱ ሙሉ፣ "ድገመው!"

እኔ የጨው ልጅ ነኝ፤ ነገር ሁሉ ከመሬት
ሲዛቅ ነው የማውቀው አፌን ከፈታሁበት ዕለት።
"የት ተቆፈረ?" አልኩት።
"የትም" አለኝ፣ ካራውን እየጠረገ።

"ወርቅ ብቻውን ይተኛል፣ ሺህ ዘመን፣ ማንንም ሳይሻ።
ይሄ ግን ከዳር የተንጠለጠለች አንዲት ኤሌክትሮን አለችው፤
ለአንዱ ካልሰጣት አያርፍም፤
ውኃ ቢያገኝ ለውኃ፣ አየር ቢያገኝ ለአየር።
ምድር ገና ስትፈላ፣ ሰሚም ተመልካችም ሳይኖር፣
ሁሉም ሰጥቶ ጨረሰ፤ ላጤ የቀረ የለም።
ይሄንን ሰው ነው፣ ጨው አቅልጦ፣ በኤሌክትሪክ፣
በግድ ያፋታው።
ለዚህ ነው ላምባ ውስጥ የሚያድር፤
ዓለምን እንዳያይ።"

"ማን ተቀበለው?"
"ክሎሪን። አረንጓዴ ጋዝ፣ ሳንባ የሚልጥ መርዝ።"
"ከዚያስ?"
በመስኮቱ ጠቆመኝ።
አባቴ ቫሽራም፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ ውኃ ውስጥ፣
ባለጥርስ እንጨቱን ወደ ኋላ ይጎትታል።
"ከዚያማ አባትሽ ይሰበስበዋል።"

ማታ ነገርኩት። ሳቀ።
"እሳት ስጎትት ነው የከረምኩት?
ታዲያ እግሬን ለምን ብርድ ይዞኝ ያድራል?"
እናቴ ሞንጊ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ
እሳትና መርዙን ምስሩ ላይ ነሰነሰች፣ ታርቀው።
በላን።
ትንሽ ጨው አንሶት ነበር።

"ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ይሉታል ጨውን ሲመክሩ፤
ለራሱ የሆነባትን ጊዜ እኛ አይተናል፤
ግማሽ ደቂቃ አልሞላችም።

አባቴም እንደዚያው፣ ብቻውን የትም አልተገኘ፤
የናፍጣ ዱቤ፣ የፓምፕ ዱቤ፣
የካራጎዳው ነጋዴ ጥቁር መዝገብ፤
ስሙ በተጻፈበት ሁሉ ከጎኑ ቁጥር አለ።

ያረፈ ዕለት እንጨቱ እርጥብ ነበርና
አጎቴ ላምባ አርከፈከፈበት።
ያ ቢጫ ያኔ መጣ፣
ከደረቱ ላይ፣ ከእጆቹ፣ ሲንጫጫ።
"እንጨቱ ነው" አሉኝ።
ዝም አልኩ። የምተዋወቀውን ሰው
በገበያ መሃል እንዳየሁ ዓይነት ዝም።

ሁሉም ነደደ፣ እግሮቹ ሲቀሩ።
አርባ ዓመት የጠጡት ጨው እሳቱን እምቢ አለው፤
የጨው ሠራተኛ ሁለቴ ይሸኛል ይባላል በእኛ ዘንድ።
ጉድጓድ ምሰን፣ ጨው አልብሰን ቀበርናቸው፤
እግሩ ጨዉን ይያዝ፣ ጨዉ እግሩን፣ ሳይለየን።

ካንጂ ዛሬ የጨው መኪና ይነዳል።
ጉድጓዱ ሲደፈን መንገድ ዳር ቆሞ
ክላክሱን ተጫነው፣
የእውነቱን፤
እጁን አላነሳም።